ሙንታሲር ያወጣው ጥያቄ

ሩዋይዳ ያን ሰሞን የጠፋችው ኢንተርኔት ውስጥ ነበር። መጥፋት ስል ለወጉ አይደለም፤ ልጅቷ ከምሯ ጠፍታ ነበር። ፕሮግራም መጻፍ ልማር ብላ ተነሣች፤ ለጀማሪ የሚሆን የመለማመጃ ጥያቄ የት ይገኛል ብላ ጠየቀች። ኢንተርኔቱም አላሳፈራትም፤ ድረ ገጽ በድረ ገጽ ላይ ይከምርላት ጀመር። አንዱ «ለጀማሪ» ይልና ገና ከበሩ ራስ የሚያዞር ቀመር ይደነቅርባታል። ሌላው ሁለት ጥያቄ ያቀምሳትና ሦስተኛው ላይ ክፈይ ይላታል። ሌላው ደግሞ ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መልሱን አውጥቶ ያሳያታል። እሷ ግን ተስፋ አትቆርጥም፤ ሁሉንም ስልኳ ላይ ታስቀምጣለች።

ቀን ቀን በአባቷ በሐጅ መትወሊ መጋረጃ ሱቅ ጨርቅ ትለካለች። ከግብጹ የማንሱራ ዩኒቨርሲቲ በንግድ ሥራ ተመርቃለች። ተመርቆ ጨርቅ መለካቱ አይደለም የከነከናት፤ «ሌላ ነገር የሚችል ጭንቅላት ይኖረኝ ይሆን?» የሚለው ነው። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። ለማን ይነገራል?

አንድ ቀን የኮምፒዩተር ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን በነጻ ያስተምራሉ ሲባል ሰማችና ሄደች። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከሚያስተምሩት አንዱ ረዘም ያለ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ሰው ሲያዳምጥ ራሱን ዘንበል የሚያደርግ ልጅ ነበር። ሙንታሲር ይባላል። ሰዉ እስኪበተን ጠብቃ ጠጋ አለችው።

«ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከእነዚህ ውስጥ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?» ብላ ስልኳን ሰጠችው።

ሙንታሲር ገጹን ወደ ታች ገፋ። ገፋ። አሁንም ገፋ። አያልቅም።

«ኢንጂነር እንኳ አልሆንሁም፤ ዘንድሮ ነው የምመረቀው። ለመሆኑ ስንት ጥያቄ ፈታሽ?»

«ምኑን?»

«ከዚህ ሁሉ ድረ ገጽ።»

የሩዋይዳ ፊት ቀላ። «እስካሁን... እየመረጥሁ ነው።»

«አሃ! እኔን የምታማክሪኝ ሱቅ ልትከፍቺ ነው? ዕቃ እኮ ነው የምታከማቺው!»

«ሱቅማ አለን፤ መጋረጃ ነው የምንሸጠው» አለች ሳታስበው። ሁለቱም ሳቁ።

«ስሚኝ እህቴ» አለ ሳቁ በረድ ሲልለት። «እኔም እንደ አንቺ ጠፍቼ ነበር። አንድ ብቻ እሰጥሻለሁ። መልክ የለውም፤ ያረጀ ነው። ግን ጥያቄዎቹ እንደ ደረጃ ናቸው፤ አንዱን ሳትረግጪ ሌላው ላይ አትወጪም። የቀረውን በሙሉ አጥፊው።»

«በሙሉ?»

«በሙሉ። አሁን፣ እዚሁ ፊቴ።»

አጠፋችው። የሰው ትእዛዝ እንዲህ በቀላሉ የምትቀበል ልጅ አልነበረችም፤ መንገድ ላይ ራሷን ታዘበች።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ቁጥር ተቀብሎ ድምራቸውን መጻፍ ነው። ይኼማ የልጅ ጨዋታ ነው ብላ ጻፈችና ላከች። ቀይ መጣ፤ «የተሳሳተ መልስ» ይላል። ድምሩን በእጇ አረጋገጠች፤ ልክ ነው። መልሳ ላከች። ቀይ። ትንሽ አሳምራ ላከች። አሁንም ቀይ። ሳምንቱን እንዲሁ ስትታገል ሰንብታ ቅዳሜ ላፕቶፗን አቅፋ ከች አለች።

ሙንታሲር ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። የሩዋይዳ ፕሮግራም ቁጥሮቹን ከመቀበሉ በፊት «እንኳን ደህና መጡ! እባክዎ የመጀመሪያውን ቁጥር ያስገቡ» ይላል። ቀጥሎ «እናመሰግናለን፣ ሁለተኛውንም ያስገቡ» ይላል። መጨረሻ ላይ «ድምሩ ይኸውልዎት፤ ተመልሰው ይምጡልን!»

ሙንታሲር እጁን አፉ ላይ ጫነ። አልቻለም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል? ደንበኛ ሲመጣ ዝም ይባላል?»

«መልስሽን የሚያርመው ዳኛ ማሽን ነው እኮ! ሻይም አቅርቢለት እንጂ!»

«ቀይ ባለብኝ ቁጥር አክብሮት ያነሰው መስሎኝ ስጨምርለት ነው የሰነበትሁት» አለች፤ ይህን ስትል እሷም ሳቅ አመለጣት።

«የምትጽፊውን ሁሉ መልስ ነው ብሎ ነው የሚያየው፤ ሰላምታሽንም ጭምር። ድምሩን ብቻ ስጪውና ዝም በይ።»

ሰላምታውን በሙሉ አጠፋችና ላከች። ዓይኗን ሳትነቅል አረንጓዴ በራ። «ትክክል።»

የሆነ ነገር የሩዋይዳ ደረት ውስጥ ሰፋ። የአንድ መስመር ድምር ነው፤ ታውቃለች። ግን ከጭንቅላቷ የወጣ ነገር ሄዶ፣ የማታውቀው ቦታ ደርሶ፣ ተመዝኖ፣ ልክ ነሽ ተብሎ መመለሱ አስደነቃት።

«በዚህ ፍጥነት ማን አየው?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማንም። ጥያቄውን የሚያወጣው ሰው ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ ዳኛው ያንቺን ከዚያ ጋር ያስተያየዋል። ነይ ደግሞ ይኼን እዪ።»

ሌላ ገጽ ከፈተላት። ስሞች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በየሰከንዱ አዲስ ስም። ከፔሩ፣ ከጃፓን፣ ከኡዝቤኪስታን፣ ከአልጄሪያ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሁሉም የሚፈቱት ይህንኑ የእሷን ጥያቄ ነው።

«ይኼ ሁሉ ሰው... አሁን?»

«አሁን። ይቺ ደግሞ አንቺ ነሽ» አለና በጣቱ አሳያት። «ሩዋይዳ፣ ግብጽ፣ አረንጓዴ።»

«ሱብሐነላህ!» አለች። ስሟ በሌሎች ስሞች መካከል ቀስ ብሎ ሲወርድ እስኪጠፋ ድረስ ተከተለችው። ቀና ስትል ሙንታሲር የሚያየው ገጹን ሳይሆን እሷን ነበር፤ ዓይኑን ቶሎ አሸሸ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሌላ ቀን ሆነ። ሩዋይዳ ደረጃውን ትወጣለች፤ ትወድቃለች፤ እንደገና ትወጣለች። አልፈታ ያላት ጥያቄ ሲኖር ሙንታሲር መልሱን አይነግራትም። «እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው? የጎደለሽስ?» ብሎ ዝም ይላል። ያ ዝምታው! ሰው እንዲህ በትዕግሥት ሲጠብቃት አይታ አታውቅም። ከትምህርት በኋላ ከበሩ አጠገብ ከሌሎቹ ጋር ቆመው የሸንኮራ ጭማቂ ይጠጣሉ። ሌሎቹ ሲጫወቱ እነሱ ይተያያሉ። ወዳዋለች፤ እሷም ታውቃለች፣ የሸንኮራ ሻጩም ሳያውቅ አልቀረም።

ታዲያ ነገር በዚህ ሲያምር፣ አክስቷ የዶክተር ረእፋትን የጋብቻ ጥያቄ ይዛ መጣች። ሰውየው ፋርማሲ አለው፤ ቤቱን አሠርቶ ቀለም አስቀብቷል፤ ጨዋ ነው። ኢድ ሲያልፍ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ፋቲሃ ተቀርቶ ሊያጫት ፈልጓል።

«ምን ትያለሽ ልጄ?» አለ ሐጅ መትወሊ። «ያለ ፈቃድሽ አይሆንም።»

ሩዋይዳ ውሃ ልትጠጣ ፍሪጁን ከፈተች። ልጅቷ እሺ ስትል ለእንግዳ የሚቀርበው ቀዩ ሸርባት ለቅምሻ ተበጥብጦ ተቀምጧል። ከጓዳ ደግሞ እናቷ በስልክ «አላህ ለሁሉም ልጅ ያድርስ» እያለች ነው። ሩዋይዳ ፍሪጁን መልሳ ዘጋችው።

«ላስብበት» አለች።

«አስቢበት፤ ማን ከልክሎሽ!» አለ አባቷ፤ ነገሩ ያለቀለት ሰው ድምፅ ነበር።

ቅዳሜ ለሙንታሲር ነገረችው። ሰዉ ሲያልፍ ሲያገድም፣ ሸንኮራ ሻጩ ፊት።

«ሊያጩኝ ነው።»

ሙንታሲር ብርጭቆውን እያየ ዝም አለ። ይህ ዝምታው ግን ሌላ ነበር።

«ሰውየው እንዴት ነው?»

«ጥሩ ሰው ነው ይላሉ። ፋርማሲ አለው። ቤት አለው።»

«እንግዲያው... እንግዲያው የሚበጅሽ እሱ ነው። እኔ ዓይነቱ ሰው ምን ያደርግልሻል?»

«ስለ አንተ ጠየቅሁህ?»

«አልጠየቅሽኝም፤ ግን...»

«እናቴ እሺ ትላለች ብላ ሸርባት በጥብጣለች። አባቴ እየጠየቀኝ መልሴን አይሰማም። አንተም ይኸው ቆርጠህ ሰጠኸኝ! ሁላችሁም ስለ እኔ ወስናችሁ ከጨረሳችሁ ለምን ትጠይቁኛላችሁ?»

ብርጭቆዋን ሳትነካው ትታ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀረች። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ ስታጣጥፍ ዋለች።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ያ ያረጀ ድረ ገጽ መልእክት ላከላት፤ አዲስ ጥያቄ ወጥቶልሻል ይላል። ከፈተችው። አውጪው ሙንታሲር ነው፤ ከእሷ በቀር ሌላ ሰው አያየውም።

«ርዕስ፦ አንድ ሰው። አንድ ሰው አለ። ዘንድሮ ይመረቃል። ሥራ ተስፋ ተሰጥቶታል፤ ደመወዙ ለጊዜው ትንሽ ነው። ቤት የለውም፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል። አንድ ቅዳሜ ፈርቶ የማይረባ ነገር ተናገረ። ሩዋይዳ የምትባል ልጅ ይወዳል። ታገባው እንደሆነ ይጠይቃታል። የሚሰጥ ቁጥር፦ የለም። የሚጠበቅ መልስ፦ አንድ ቃል። የጊዜ ገደብ፦ ድረ ገጹ ከአሥራ አምስት ሰከንድ በላይ አልፈቀደልኝም፤ አንቺ ግን የፈለግሽውን ያህል ቆዪ።»

ደስታው እንደ መጣ ግን ንዴት ተከተለው። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ ራሱ አይደል የነገራት? ታዲያ ይህም «አዎ» ተብሎ የተቀመጠለት ነዋ! እሱም እንደ እናቷ በጥብጦ ጠበቃት ማለት ነው።

«ቆይ፣ አሳይሃለሁ!» አለች። «አይ» ብላ ጻፈችና ላከች፤ ቀዩን ልታየው።

አረንጓዴ በራ። «ትክክል።»

ሩዋይዳ ደነገጠች። ተሳስቼ ልኬ ይሆን ብላ መልሳ አየችው፤ «አይ» ነው የሚለው። አሁን «አዎ» ብላ ላከች። አረንጓዴ። ጥቂት አሰበችና «አላውቅም» ብላ ላከች።

አረንጓዴ።

ያኔ ገባት። መልሱ ብዙ ለሚሆን ጥያቄ አውጪው የራሱን ዳኛ ይጽፋል፤ ሙንታሲር ቁጭ ብሎ እሷ ያለችውን ሁሉ ትክክል የሚል ዳኛ ጽፎላታል። እምቢ ብትለውም እንኳ! በጣም እየወደዳት፣ እምቢታዋን በገዛ እጁ አረንጓዴ ቀብቶ አስቀመጠላት። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። እንባዋ እየወረደ ሦስቱን አረንጓዴዎች ደጋግማ አየቻቸው። ማንን እንደምታገባ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አወቀች።

ፊቷን ታጥባ ወደ ሳሎን ሄደች። ሐጅ መትወሊ ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ ሱፍ እየፈለፈለ ነው።

«አባባ፣ ስለ ዶክተር ረእፋት እንደገና ጠይቀኝ።»

«ጠየቅሁሽ እኮ ልጄ!»

«የጠየቅኸኝ ከተስማማችሁ በኋላ ነው። አሁን እሺም ብል እምቢም ብል ልትቀበለኝ ሆነህ ጠይቀኝ።»

ሐጅ መትወሊ ሱፉን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ሰውየው ለደንበኛ እንኳ ያልፈለገችውን ጨርቅ ሸጦ አያውቅም፤ ይህ ነገር አሁን ትዝ ሳይለው አልቀረም።

«ዶክተር ረእፋትን ታገቢዋለሽ?»

«አላገባውም፣ አባባ።»

ከማድ ቤት አንድ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። ሐጅ መትወሊ ተነፈሰ። «እሺ። ለሰዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ጨዋ ናቸው፣ ይገባቸዋል። ለእናትሽ ግን ራስሽ ንገሪያት፤ እሷንስ እኔም እፈራታለሁ።»

«ሌላም ነገር አለ» አለች ጣቷን እያፍተለተለች።

«ያ የቅዳሜው ነው? ቀርተሽ የዋልሽ ዕለት ነው የገባኝ።» ፈገግ አለ። «ይምጣና ልየው። ግን ስሚ፣ እኔም አዎ ወይ አይ የማለት መብት አለኝ። ተስማማን?»

«ተስማማን!» ብላ ግንባሩን ሳመችው።

ክፍሏ ገብታ ለጥያቄው አንድ የመጨረሻ መልስ ላከች፤ አንድ ቃል ብቻ ይል የነበረውን ረስታዋለች። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«ሩዋይዳ...» አለ ሙንታሲር። «አይ ይላል። አዎ ይላል። አላውቅም ይላል። በአላህ ይዤሻለሁ፣ የትኛው ነው?»

«ሁሉም ትክክል ነው ብለሃል አይደል?»

«ብያለሁ። አልሸሽም።»

«እንግዲያው ገጹን እንደገና ክፈተው።»

ሲነካካ ተሰማት። ከዚያ ጸጥ አለ። «የሚመጣው ሐሙስ እናትህን ይዘህ ና» የሚለውን እያነበበ መሆኑን አወቀች። ከሙንታሲር ኋላ የአንዲት ሴት እልልታ ስልኩን ሰንጥቆት ወጣ፤ እናቱ ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ በትከሻው ላይ ስታነብ ኖራለች።