የመለከት ማይክ

«ማይኩ ሞቷል አልኩሽ እኮ» አለ መለከት፣ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ። «አትልፊ። ለቲቸር ተበላሽቷል በያቸውና እንገላገል።»

መምህርቷ ማይኩን እንድታይ ያዘዟት የክፍል ጓደኛው፣ የኤሌክትሪሻን ልጅ፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ሶኬት ለማየት ጎንበስ አለች። ተማሪው «መለከት» የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም፤ እሱ ሲያወራ ሦስት ክፍል ድረስ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት የእሷን ንግግር ድምፁን እንደ ትንኝ እያቀጠነ ሲደግመው ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ ስታየው ይቀፋታል። ዛሬ ተራው የእሱ ነው። የሦስት ደቂቃ ንግግር ካልቀዳ ሃያ ማርክ ያጣል፤ ማይኩ ከተበላሸ ግን ጽፎ ማስገባት ይፈቀድለታል።

አባቷ ሥራ ሲያሳያት «መጀመሪያ ሶኬቱን፣ ቀጥሎ ሽቦውን፣ መጨረሻ ሰውየውን ፈትሺ» ይላል። ሶኬቱ ደህና ነው። ማይኩን ነቅላ ጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ሰካችው፤ ጥርት አድርጎ ቀዳ። መልሳ የእሱ ላይ ሰክታ ሴቲንጉን ከፈተች። የማይኩ ድምፅ ዜሮ ላይ ወርዷል፤ መቅጃውም ተዘግቷል። የቀረው ሰውየው ነው።

«ማነው የዘጋው?»

«እኔ ምን አውቄ? ቫይረስ ይሆናል።»

ቫይረስ! ይሄ ልጅ ውሸት እንኳ በወጉ አይችልበትም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። የተቀዱት ፋይሎች ውስጥ ስትገባ አሥራ አንድ ሙከራ አገኘች፤ ሁሉም የዛሬ፣ ሁሉም በእሱ ስም። ማዳመጫውን አጥልቃ አንዱን ከፈተች። «ው... ውድ አድማጮች፣ እኔ... እኔ...» ይላል የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ ከዚያ ዝም። ሁለተኛውም እዚያው ላይ ቆመ። አምስተኛውም። በትንኝ ድምፅ ያሾፈባትስ ይሄ ነው?

መለከት ተቃንቶ ተቀመጠ። «እንዳታሰሚ» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «በናትሽ።»

ኮሪደሩ ድረስ የሚያሰማው የትልቁ ስፒከር ገመድ አጠገቧ ነበር። ተማሪው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ተራ ይጠብቃል። ገመዱን አነሳችው።

መምህርቷ በሩን ገፋ አድርገው «ተበላሽቷል እንዴ?» አሉ።

መለከት ወደ ወለሉ ያይ ጀመር።

«ደህና ነው ቲቸር። ተዘግቶ ነበር፣ ከፍቼዋለሁ» አለች ልጅቷ።

መምህርቷ ወደ ኮሪደሩ ሲመለሱ ገመዱን ለቀቀችው። አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አጠፋች። ንቀቷ ግን ቅንጣት አልቀነሰም፤ ማዳመጫውን ጭኑ ላይ ወረወረችለት።

«ሦስት ደቂቃ ነው» አለችው። «ጀምር።»

ወጥታ በሩን ዘጋች። ጆሮውን በሩ ላይ ለመለጠፍ የተጠጋ ልጅ ስታይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መንገዱን ዘጋችበት።