ሃያ ከሃያ

አዛውንቱ የሂሳብ መምህር ሰባት ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው ያለው ስክሪን ላይ በስማቸው የገባ መልመጃ ይታያል። መምህራን የኢንተርኔት መማሪያ ክፍል መክፈት እንዲለምዱ የሚሰጠው ሥልጠና የመጨረሻ ሥራ ነው።

ሐኪሙ «ልብ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በፊትም አልሞቱም» አለ። መርማሪዋ ግን ነገር ካልገባት የማትለቅ ግትር ሴት ናት። የሟች መነጽር ከነማኅደሩ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር። ያለ መነጽር ፊደል የማይለዩ ሰው እንዴት ጻፉ?

መጀመሪያ እዚያው የምታስተምረውን ልጃቸውን ጠራች።

«መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«አምስት ሰዓት ላይ። እያለማመድኩት ነበር።» ልጅቱ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ደረቴን ያዘኝ አለኝ። ሰበብ መሰለኝ! ሥልጠናው ከተጀመረ አንድ ቀን ራሱን፣ አንድ ቀን ወገቡን ነው። ‹አባዬ፣ አታሳፍረኝ› ብዬው ወደ ክፍሌ ሄድኩ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

መርማሪዋ ውሃ አስመጣችላት።

ርዕሰ መምህሩ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። «እኔ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እንዲያውም አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ጠፍቶ ተንጫጩብኝ። ወዲያው መጣ እንጂ።»

«ኮምፒውተሮቹስ?»

«ጠፍተው እንደገና ተነሱ።»

አሰልጣኙ አፈ ጮሌ ወጣት ነው። «ከአራት ተኩል በኋላ እዚያ ክፍል ዝርም አላልኩ። ሪፖርቴን ስድስት ሰዓት ላይ ላክሁ፤ ሃያ መምህራን፣ ሃያውም ጨርሰዋል።»

«አንድ ቢጎድልስ?»

«ውሌ አይታደስማ» አለና ለመሳቅ ሞከረ።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሟች የሚተይቡት በአንድ ጣት ነበር» አለች። «የመማሪያ ክፍሉ እያንዳንዱን ለውጥ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ጠዋት አንድ መስመር ሩብ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ይህ ሁለት ገጽ ግን አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ በአንዴ ዱብ አለ። ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ነው።»

«መገልበጥማ እኔም እችላለሁ» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ይችላሉ። ልጃቸውም ትችላለች። ግን መብራቱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ተዘግቷል፤ እንደገና ለመግባት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የእሳቸው የተጻፈበት ወረቀት መነጽራቸው ማኅደር ውስጥ ነው። የገባው ሰው ወረቀቱ አላስፈለገውም። እዚሁ ኮምፒውተር ላይ፣ አምስት ሰዓት ከአርባ ሲሆን አዲስ የይለፍ ቃል አወጣላቸው። ያንን ማድረግ የሚችለው የሠልጣኞቹን መግቢያ የሚቆጣጠረው አሰልጣኙ ብቻ ነው።»

«አልገደልኳቸውም!» ብሎ ጮኸ ወጣቱ።

«አልገደልካቸውም። በሕይወት እያሉ መልመጃቸውን ሠርተህላቸው ወጣህ።»

«የተኙ መስሎኝ...» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ውሸቴን ነው። ላብ አጥምቋቸው ነበር። ሪፖርቱን ልኬ ሰው እጠራለሁ አልኩ። ከላክሁ በኋላ ደግሞ፣ እስካሁን የት ነበርክ እንዳልባል ፈራሁ።»

ልጅቱ ተነስታ ፊቱ ቆመች። «ይናገር ነበር?»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «‹ልጄን ጥራልኝ› አሉኝ።»

«የኔ ክፍል እኮ ከዚህ ሦስተኛው በር ነው» አለች።