ትንፋሹ የልጄ ነው

ይህን አንብባችሁ «ፈጠራ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። እኔ እንደሆነ ስናቅ ነው የኖርኩት፣ ለምጄዋለሁ። የሆነውን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም። የኪራይ ክፍላችን ጥግ ድረስ ፀሐይ ሞልቷታል። ንፋስ የሚባል ነገር ደግሞ ሽታውም የለም።

መጀመሪያ ስለ ራሴ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ነኝ። ከዚያ እሁድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እዚያው ክሊኒክ ለወላጆች ሥልጠና ተሰጠ... ሕፃን ትንፋሹ ሲቆም ምን እንደሚደረግ። የአራት ወር ሴት ልጅ አለችኝ፣ እኔም ወላጅ ነኝ ብዬ ፊት ተቀመጥኩ።

አሠልጣኟ ጠጋ ብላ «አንተ፣ ወንበር ጎድሏል፣ ከዕቃ ክፍል አምጣልን» አለችኝ። እስክመለስ የእኔንም ወንበር ለሌላ ሰጥታዋለች።

መወልወያዬን ተደግፌ በር ላይ ቆምኩ። ሌላው በስልኩ ይቀርጻል። እኔ በጆሮዬ ቀረጽኩ።

ወደ እሁዱ ልመልሳችሁ።

የሚስቴ ወንድም ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። መሐንዲስ ነው። በዕድሜ እኔ ሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ፣ «እርስዎ» የምለው ግን እኔ ነኝ። ጥቁር ኮቱን በሩ ጀርባ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀለና ቤቱን በዓይኑ ለካው።

«እዚህ ውስጥ ለሦስት እንዴት ነው? ተራ በተራ ነው የምትተነፍሱት?» አለ። ሳቀ። እኔም ሳቅኩለት፣ ምን ላድርግ።

ሚስቴ ልጅቷን ልታነሳ ወደ አልጋው ሄደች።

«አንተ...» አለች። «ልጅቷ... አትነቃም።»

ከንፈሯ ጠቁሯል። የእግሯን መዳፍ መታ መታ አደረግኩ። ስሟን ጠራሁ። ጆሮዬን አፏ ላይ አድርጌ ደረቷን አየሁ...

ምንም።

መሐንዲሱ አንገቷን በጣቱ ነካ አደረገና እጁን ሰበሰበ። «አይዞሽ እህቴ» አለ በሹክሹክታ። «አልቋል።»

«ምኑ ነው ያለቀው? ስልክህን አውጣና አምቡላንስ ጥራ» አልኩት።

«እርስዎ» ሳልለው የመጀመሪያዬ ነበር። አፍጥጦ አየኝ። ግን ደወለ።

ልጄን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኳት። ሁለት ጣቶቼን ደረቷ መሀል፣ ከጡቶቿ መስመር ዝቅ አድርጌ አሳረፍኩ። ጠበቅ፣ ፈጠን አድርጌ መጫን ጀመርኩ። አንድ... ሁለት... ሦስት...

ሠላሳ። ከዚያ አፌን አፏና አፍንጫዋ ላይ አንድ ላይ ገጥሜ በቀስታ እፍ አልኩ።

ደረቷ አልተነሣም።

በሩ ጀርባ ግን የሆነ ነገር ኮሽ አለ።

ቀና አልኩ። የኮቱ ደረት ተነፍቷል... ቀስ ብሎ ሟሸሸ።

ሁለተኛውን እፍ አልኩ። ልጄ እንደ ድንጋይ። ኮቱ ግን እስከ ትከሻው ሞላ።

«አየሽው?» አልኳት ሚስቴን።

«ምኑን?» ዓይኗ ከልጅቷ አልተነቀለም።

እንደገና መጫን ጀመርኩ። እየጫንኩ የአሠልጣኟ ነገር መጣልኝ። ደረት ካልተነሣ አንገቱን እዩ። ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው ወደ ኋላ አይለጠጥም፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ ጣሪያውን ማየት አለበት። እኔ ከድንጋጤ ብዛት ለጥጬያታለሁ። አስተካከልኳት፣ አገጯን በአንድ ጣት ደገፍ አደረግኩ።

እፍ...

ደረቷ ትንሽ ከፍ አለ።

ኮቱም ትንሽ ከፍ አለ።

እየተካፈሉ ነበር።

መሐንዲሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በሩ ጋ ደርቋል። እጁን ዘርግቶ የኮቱን እጅጌ ያዘ። ወዲያው ለቀቀው።

«ይሞቃል...»

«አውርደው።»

ጎተተ። «አይወርድም... ይዞታል። በቃ ተዋት፣ ይሄ የአንተ አቅም አይደለም።»

ይህቺን ቃል ዕድሜ ልኬን ሰምቻታለሁ። ከአስተማሪ፣ ከአለቃ፣ ሚስቴን ልጠይቅ ሽማግሌ በላክሁበት ቤት። ያን ቀን ግን ደሜን አፈላችው።

ኮቱን እያየሁ፣ በጥርሴ መሀል ቆጠርኩ። «ሃያ ዘጠኝ... ሠላሳ። ማንም ሁን ማን፣ ስማ። ትንፋሹ የልጄ ነው። ለአንተ አላመጣሁትም።»

«ማንን ነው የምታናግረው?» አለች ሚስቴ።

«ማንንም። አብረሽኝ ቁጠሪ።»

ቆጠረች። ስንት ዙር እንደሄድን አላውቅም። ጣቴ ደነዘዘ፣ ላቤ ልጄ ሆድ ላይ ይንጠባጠባል። በየዙሩ የእሷ ደረት ከፍ፣ የኮቱ ዝቅ እያለ መጣ። ከዚያ ከኮቱ ውስጥ ሕፃን ሲያቃስት የመሰለ ድምፅ ወጣ... አንድ ጊዜ ብቻ።

ልጄን ትን አላት። አለቀሰች።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያቆያት?» ብሎ ጠየቀ።

መሐንዲሱ ቀደመኝ። «ተጋግዘን ነው» አለ።

ይሁን። ኮቱን ግን ተመልሶ አልወሰደውም። እኔው አውጥቼ ቆሻሻ ላይ ጣልኩት። ባዶ ኮት ነው፣ ግን ከብዶኝ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፈኝ።

ልጅ ያላችሁ፣ ተማሩት። ወንበር አምጡ ቢሏችሁም አምጡና በር ላይ ቆማችሁ ስሙ። ማንም የሚላችሁን ይበል።

አሁን ልጄ ዓመት ሊሞላት ነው። ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተኝታ ሳያት፣ ከራስጌዋ ያለው የመስኮት መስታወት ላይ የሕፃን አፍ የምታህል ክብ ጉም አየሁ። ልጄ አየር ስታስገባ ጉሙ ይመጣል። ስታስወጣ ይጠፋል።

በእጅጌዬ ጠረግሁት። አልተጠረገም።

በውጭ በኩል ነው። እኛ ያለነው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ልጄን ከነብርድ ልብሷ አነሣኋት። በአንድ እጄ አቅፌያት ጎንበስ አልኩ፣ «የእሷን ተው፣ ይሄ ያንተ ነው» ብዬ አፌን በውስጥ በኩል ልክ ጉሙ ላይ ገጠምኩና... እፍ አልኩበት።

ከውጭ እፍ ብሎ መለሰልኝ።

ደገምኩት።