ጅራቷ ሳታልፍ

ዝናቡ ከላይ መውረዱን ትቶ በጎን ይመጣ ጀመር። ሮሪ ብስክሌቱን በጉልበቱ ደግፎ፣ ግራ እጁን ወደ ጫካው መንገድ ዘርግቶ፣ መንታ መንገዱ ላይ እንደተገተረ ነው። ድንኳንና ድስት የጫኑት ጓደኞቹ በየተራ እየደረሱ፣ እጁን እያዩ ወደ ግራ ታጥፈው ሽቅብ ወጥተዋል። ያልመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። በጥቅምት ወር በስኮትላንድ ሰሜን ተራሮች ላይ ቆሞ መጠበቅ ከመንዳት ይከፋል፤ የሚነዳ ሰው ቢያንስ ያልበዋል።

የብስክሌት ክለባችን ሕግ አጭር ነው። መንታ መንገድ በተገኘ ቁጥር አንድ ሰው ቆሞ ይጠቁማል። ጠቋሚ ከሌለ ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ። ከሁሉም ኋላ የሚመጣው «ጅራት» ይባላል፤ ጅራቱ በገዛ አፉ «ጅራት ነኝ» ሳይል ጠቋሚው ንቅንቅ አይልም። ሕጉን ያወጣችው ኤፊ ናት። ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ክለቡን ስትመሠርት ከፊት ትነዳ ነበር፣ ጉልበቷ ሲከዳት ግን ጅራትነቱን ራሷ ወሰደችው። ከኋላ እየመጣች የወደቀ ኮፍያና የተረሳ የውሃ ጠርሙስ ትለቅማለች። ዕቃ የጠፋበት ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኤፊ ሻንጣ ነው።

ስትሩዋን ከዝናቡ ውስጥ ብቅ አለ። እሱና ሮሪ በጋውን ሙሉ ዳገት ባዩ ቁጥር ሲሽቀዳደሙ የከረሙ ናቸው። ሁለቱም ፀጉራቸው የሳሳ ጎልማሶች ናቸው፤ ፉክክራቸው ግን የሕፃን ነው።

«ምነው፣ የመንገድ ምልክት ሆነህ ልትቀር ነው?» አለ ስትሩዋን ሳይቆም።

«ኤፊስ?»

«ከኋላዬ ናት። አንተ እሷን ስትጠብቅ እኔ አፋፉ ላይ ሻይ አፍልቼ እጠብቅሃለሁ።»

የስትሩዋን የኋላ መብራት በዛፎቹ መሀል ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሮሪ ወደ ኋላ አየ፤ ማንም የለም። ወደ ዳገቱ አየ። የቀኝ እጁን ቀይ ጓንት አወለቀ፣ በጓንቱ አመልካች ጣት ውስጥ እንጨት ከቶ ቀጥ አደረገውና፣ ወደ ግራ እንዲጠቁም የአጥሩ ቋሚ ስንጥቅ ውስጥ ሰካው። ጓንትም እጅ ነው አለ ለራሱ። ከዚያ ፔዳሉን ረገጠ።

ስትሩዋንን ከአፋፉ በታች ደረሰበት፣ ቀደመውም። ማደሪያው ጥንት እረኞች ትተውት የሄዱት የድንጋይ ቤት ነው። የጉዞው መሪ ሞይራ በሩ ላይ ቆማ የሚገባውን ሁሉ ታያለች። ሮሪ ሲገባ ከኋላው ማንን እንደምትፈልግ ገባው።

«ጅራቷን ሰምተሃታል?» አለችው።

«አዎ፣ ቀስ እያለች ነው» የሚል ውሸት ምላሱ ላይ ነበር። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

«አልሰማኋትም» አለ። «ጓንቴን ሰክቼ መጣሁ።»

«ምንህን?»

ከኋላው የደረሰው ስትሩዋን «ኤፊ ናት እኮ» አለ። «ይህን አገር እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች። ትመጣለች።»

«ጠቋሚ ካላየች ቀጥ ነው የምትለው» አለ ሮሪ። «ሕጉ የራሷ ነው። ቀጥ ሲባል ደግሞ ፋርላ ወንዝ ነው።»

የፋርላ መሻገሪያ መልካ በደህና ቀን ቁርጭምጭሚት አያልፍም። በዚህ ዝናብ ግን ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። እዚያ ተራራ ላይ ስልክ አይሠራም፤ ሞይራ ሁለት ሰዎች ወደ ደን ጠባቂው ቤት ሄደው ነፍስ አዳኞችን እንዲጠሩ አዘዘች። ዘወር ስትል ሮሪ ብስክሌቱ ላይ ወጥቷል።

ቁልቁለቱን ፍሬን ሳይነካ ወረደ። ነፋሱ የገነጠለው ቅርንጫፍ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ነበርና ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። መንታው ላይ ሲደርስ የአጥሩ ቋሚ ባዶውን ቆሟል። ጓንቱ የለም። ቀጥ ብሎ በሚሄደው መንገድ ጭቃ ላይ የአንድ ብስክሌት ዱካ ብቻውን ይታያል፤ ውስጡም ውሃ ሞልቶታል። ሮሪ ጮክ ብሎ ራሱን ሰደበና በዱካው ላይ ነዳ።

ከጫካው ሲወጣ መንገዱ በረግረግ መካከል የተደለደለ ጠባብ ጠጠር ሆነ። መሀሉ ላይ ወንድ አጋዘን ቆሟል። ወራቱ ወንዶቹ ስለ ሴት የሚጣሉበት ነው፤ አንገቱ በጭቃ ተለውሷል፣ ካፉ እንፋሎት ይወጣል። ሲያገሳ የሮሪ ደረት ውስጥ ተሰማ።

«ዞር በል» አለው ሮሪ፤ ሌላ የሚለው ቢያጣ ነው።

አጋዘኑ ቀንዱን ደፍቶ መጣ። ሮሪ ከብስክሌቱ ወርዶ እንደ ጋሻ ፊቱ አቆመው። ቀንዱ የፊት ጎማው ሽቦዎች ውስጥ ገብቶ አጣመማቸው፣ መሪው ላይ የታሰረውን የመኝታ ከረጢትም ቦጨቀው። ሮሪ እየተገፋ፣ ተረከዙ ወደ ረግረጉ እየተንሸራተተ፣ ደወሉን ያለ ዕረፍት አቃጨለ። አውሬው እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ራሱን ነቅንቆ ተላቀቀና ከረጢቱን በቀንዱ እንዳንጠለጠለ ወደ ረግረጉ ዘለለ። በሌላ ቀን ቢሆን ዓመት ሙሉ የምንስቅበት ወሬ ነበር። ሮሪ የተጣመመውን ብስክሌት ጥሎ በእግሩ ሮጠ።

ወንዙን ከማየቱ በፊት ሰማው። ፋርላ መልካው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ያልፋል፤ በመካከሉ የኮረት ደሴት አለች። ኤፊ ብስክሌቷን ተደግፋ እዚያ ላይ ቆማለች። ነገሩ ወዲያው ገባው። የመጀመሪያውን ውሃ ሳይሞላ ተሻግራ፣ ሁለተኛው አላሳልፍ ሲላት ብትመለስ ከኋላዋም ሞልቶ ጠበቃት። ደሴቷ ከድንኳን ወለል አትበልጥም፣ እያየም ትጠባለች።

«ኤፊ!»

አልሰማችውም፤ የውሃው ድምፅ ሁሉን ውጦታል። ግን አየችው። እጇንም አነሳች፣ እጇ ላይም የሱ ቀይ ጓንት ነበር።

ሮሪ ዘሎ ገባ። ውሃው ጉልበቱን ይዞ አዞረውና ከዳርቻው ድንጋይ ጋር አላተመው። ቀና ሲል ኤፊ የተጨበጠ ቀይ መዳፏን ከራሷ በላይ ይዛለች። በመንገድ ላይ፣ ነፋስ ድምፅ በሚወስድበት ጊዜ፣ የምንነጋገረው በእጅ ነው፤ የተነሳ ጭብጥ «ቁም» ማለት ነው። ሮሪ ቆመ። በሕይወቱ እንደዚያ መታዘዝ ከብዶት አያውቅም።

ከኋላው ፍሬን ሲጮህ ሰማ። ስትሩዋን ነበር።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለው ሮሪ።

«ከኋላዬ ናት አልኩህ አይደል?» ስትሩዋን ትንፋሽ አጥሮታል። «አላየኋትም ነበር። ግማሽ መንገድ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሬ አላየሁም።»

ተያዩ። ለመወቃቀስ ጊዜ አልነበረም። ስትሩዋን የሻንጣውን ማሰሪያ ፈትቶ የራሱንና የሮሪን ወገብ አሰረ።

«ለየብቻችን ይወስደናል» አለ። «ክንድህን ቆልፍ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።»

ፊታቸውን ወደ ውሃው መምጫ አድርገው በጎን በጎን ገቡ። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ደፍርሶ ስለሚፈስ ከታች ምን እንዳለ አይታይም፤ ኤፊ ግን ሳይሞላ በእግሯ አልፋበታለች፣ ታውቀዋለች። ቀይ ጣቷ ወደ ታች በቀኝ በኩል ጠቆመ፤ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ወደ ግራ ሸሹ። መዳፏን ዘርግታ ወደ ታች ደባበሰች፤ ቀስ በሉ ማለት ነው። ቀስ አሉ። ውሃው ወገባቸው ላይ ደረሰ።

ድንገት ጭብጧ ወደ ላይ ተነሳ።

«ቁም!» አለ ሮሪ።

«እዚህ? ሊወስደን ነው!»

«ቁም አለች!»

ቆሙ። አንድ ግንድ ከነሥሩ እየተገለባበጠ መጣና፣ ቀጣዩን እርምጃ ሊያሳርፉበት በነበረው ቦታ ላይ አለፈ። ስትሩዋን ከዚያ በኋላ ምንም አልተከራከረም።

ደሴቷ ላይ ሲደርሱ ኤፊ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ አፏም ተሳስሮ ነበር።

«ብስክሌቴ...» አለች።

«ትቅር።»

«የበላኝ ገንዘብ!» አለች፤ ግን ለቀቀችው።

መሀላቸው አስገብተው በመጡበት ተመለሱ። እግሯ አይታዘዝም፣ እጇ ግን ይሠራል፤ ቀዩን ጓንት ወደፊት ዘርግታ መራቻቸው። ስትሩዋን ዳርቻውን ጨብጦ ወጣ፣ እሷን ጎትቶ አወጣ። በዚያች ቅጽበት የሮሪ እግር ከዳው። ውሃው ሆዱን አልፎ ደረቱን ያዘ፣ ማሰሪያው ወገቡን ቆረጠው። ሰማዩን አየ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ብቻ አየ። አንድ እጅ የዝናብ ልብሱን ኮፍያ ጨምድዶ ያዘው። ስትሩዋን ማሰሪያውን ሲስብ፣ ያ እጅ ሮሪ ሣሩ ላይ በሆዱ እስኪወድቅ አልለቀቀም። ቀይ ነበር።

የስትሩዋንን ድንኳን ከነፋሱ ጋር እየታገሉ ተከሉ። እርጥብ ልብሷን አስወልቀው በስትሩዋን የመኝታ ከረጢት ጠቀለሏት፤ ሻይ በማንኪያ አጠጧት። ስትንቀጠቀጥ ቆይታ፣ መንቀጥቀጡ ሲቀንስ መናገር ጀመረች።

«ጓንትህን አይቼዋለሁ፣ ልጄ» አለችው። «ወደፊት ነበር የሚጠቁመው። ነፋሱ አዙሮት ይሆናል። ቀጥ በይ አለኝ፣ ቀጥ አልኩ። የወደቀ ዕቃ ስለሚሆን ደግሞ ይዤው ሄድኩ።»

ሮሪ አለቀሰ። ስትሩዋን ፊት ነው፣ አላፈረም።

«ኤፊ፣ እኔ...»

«አውቃለሁ። ሻይህን ጠጣ።»

ነፍስ አዳኞቹ በመኪና ሲደርሱ መርምረዋት ወደ ሐኪም እንውሰድሽ አሏት። «ሌላ ሰው በሚነዳው አልሳፈርም» ብላ አስቸገረቻቸው፤ በመጨረሻ ግን ተሳፈረች፣ ለሹፌሩም ማርሽ አያያዙን እያረመች ሄደች። ብስክሌቷን ወንዙ ወሰደው። ክለቡ ሌላ ገዛላት፣ አብዛኛውን ማን እንደከፈለ ግን አንጠያየቅም።

ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ እሁድ፣ ከተማችን ዙሪያ የተለመደውን መንገድ ወጣን። ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ያለውን መታጠፊያ ሕፃንም አይስተውም፤ ጠቋሚ አቁመንበት አናውቅም። ሮሪ ግን ማንም ሳያዘው ወርዶ ቆመ፣ ክንዱንም ዘረጋ። ቀኝ እጁ ያለ ጓንት ባዶ ነበር። ካፊያ ይወርዳል። ዳቦ ገዢዎች እያዩት ያልፋሉ።

ስትሩዋን ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ከኋላዬ ናት» አለ። ከዚያ ጨመረ፦ «አይቻታለሁ።»

ሮሪ አልተንቀሳቀሰም። ካፊያው ዝናብ ሆነ። ክንዱ መዛል፣ ከዚያም መደንዘዝ ጀመረ። ኤፊ በአዲሱ ብስክሌቷ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለች። አልቸኮለችም። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች፣ ውሃ ጠጣች፣ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች። ሻንጣዋን ከፍታ ቀዩን ጓንት አወጣችና ባዶው እጁ ላይ ራሷ አጠለቀችለት።

ከዚያም ዓይን ዓይኑን እያየች «ጅራት ነኝ» አለች።

ሮሪ ክንዱን አወረደ።