በጠርዝ ጎማው ሥር

ሟቹ ከቀይዋ የስፖርት መኪናው ጎን፣ ጋራዡ ሲሚንቶ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ የመኪናዋ ሞተር ይሠራል፤ ጭሱ ክፍሉን ሞልቶታል። በሩን በትከሻው ገፍቶ የገባው ጎረቤቱ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የሰው ቤትና የሰው አጥር ሲቀባ የኖረ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ቡሩሽ» የሚለው ሰውዬ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወዳጁን በብብቱ ይዞ ጎትቶ ሲያወጣው ነገሩ አልቆ ነበር።

ሐኪሙ ሳይደርስ ሰፈሩ ፈርዶ ጨረሰ። ራሱን ገደለ፤ ሚስቱ ነዝንዛ ገደለችው። ጠዋት ግቢው መሃል ቆማ «ወይ እኔን ወይ እሷን ምረጥ» ስትለው ያልሰማ ጆሮ የለማ። «እሷ» ያለቻት መኪናዋን ነው። ሰውዬውም ቢሆን ልክ አልነበረውም፤ ያቺን ቆርቆሮ ከልጁ በላይ ያሻሻት ነበር። የሞተውም ጭረት እንዳይነካት ብሎ ዙሪያዋን የጠርዝ ጎማ የሚሉትን ቀጭን መከላከያ ላስቲክ ሲለጥፍላት ነው።

ከሰፈሩ ሁሉ የከፋችው ግን የሟቹ እናት ናት። ምራቷን ፊት ለፊት አቁማ፣ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ነገረቻት።

«ልጄን በምላስሽ ገድለሽ የእሱን ልጅ አታሳድጊም። ነገ ከቀብር መልስ ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ።»

ሚስቲቱ አባት እናት የላት፣ የሚከራከርላት ወንድም የላት። ይኼም ይሁን፤ የባሰው ሌላ ነው። ባሏ በእሷ ቃል ራሱን እንዳጠፋ እሷም አምናለች። ልጅቷን ሲወስዱባት እጇን የምታነሳበት አቅም አልነበራትም።

መርማሪዋ በማግስቱ ማለዳ መጣች። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ጫማዋ ወደ ጎን የተንሻፈፈ ሴት ናት፤ ላያት ሰው ሽንኩርት ልትገዛ የወጣች ትመስላለች። ዓይኗ ግን የዋዛ አይደለም።

«ከተጣላችሁ በኋላ ምን አደረገ?» አለቻት ሚስቲቱን።

«ምን ያደርጋል፤ የፀጉር ማድረቂያዬን ይዞ ጋራዡ ገባ። እኔ ልጄን ይዤ እህል ሳልቀምስ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ።»

«ፀጉር ማድረቂያ ለምኑ ነው?»

«ብርድ ነበር። ላሜራው ካልሞቀ ማጣበቂያው አይዝም ይላል። መጀመሪያ በአልኮል ይወለውለዋል፤ ከዚያ ያሞቀዋል፤ ከዚያ ይለጥፋል። ለእኔ ፀጉር እንዲህ ቢጨነቅ ኖሮ...» አለችና ወደ መርማሪዋ ዞረች። «እንደው ልጠይቅዎ፤ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

መርማሪዋ አላባበለቻትም። «ገና አላየሁም» ብላት ወደ ጋራዡ ሄደች።

መኪናዋ እንደቆመች ናት። በግራ በኩል የጠርዝ ጎማው ከፊት እስከ ኋላ ተለጥፎ፣ እስኪደርቅ እንዳይንሸራተት በወረቀት ፕላስተር ተይዟል፤ ክር የተዘረጋ ይመስላል። በቀኝ በኩልም እንደዚያው ነው፤ ከመብራቱ በስተኋላ ያለው የፊት ፓራፋንጎ ሲቀር። እዚያ ያለው ጎማ ትንሽ ወደ ታች ወርዷል። መርማሪዋ በጥፍሯ ጫፉን ነካ ስታደርገው ብድግ አለ። ወዲያው ተወችው። ማድረቂያው መስሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ከብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ ተቀምጧል። ከሥሩ የተጣሉ መወልወያ ጨርቆች ነበሩ፤ ሁሉም በአቧራ የጠቆሩ። አንዱ ግን ቀይ ነው። አንስታ አሸተተችው፤ አልኮል አልኮል ይላል።

«ምን አገኙ?» አለ ከበሩ ድምፅ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ልብስ ሻጭ፣ ሸሚዙ በሐዘን ቀን እንኳ ያልተጨማደደ። ዓይኑ ግን ከማልቀስ ያበጠ ነበር፤ ለቅሶው የውሸት አልነበረም።

«ጎማውን ራሱ ነው የገዛው?» አለችው።

«እኔ ነኝ ያመጣሁለት። ስጦታ ነው። ቶሎ ለጥፈው፣ ሳትጫር ብዬ ጨቅጭቄው ነው እንጂ እሱማ ያመነታ ነበር።»

«ትናንት መጥተህ ነበር?»

«ኧረ አልመጣሁም፤ ሱቅ ነበርኩ። ሰው ራሱን ገደለ ይላል፤ እኔ አይመስለኝም። በብርዱ ላሜራውን ሊያሞቅበት ሞተሩን አስነስቶ፣ ጭሱ ሳያስበው ጥሎት ይሆናል። ግንባሩ ላይ ያለውም እብጠት ሲወድቅ ነው።»

«አንተስ ትነዳታለህ?»

«አንዳንዴ ያውሰኛል» አለና ዞር አለ።

ቡሩሽ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሲጋራ ያጨስ ነበር። እሱም ከመጠርጠር አላመለጠም፤ በሩን መጀመሪያ የከፈተው እሱ ነው፣ በመኪናዋም ጩኸት ከሟቹ ጋር ስንት ጊዜ ተሰዳድበዋል።

«ይቺን መኪና ቀብተሃታል?» አለችው።

«እኔ? የኔ ቀለም የበር ቀለም ነው እመቤቴ። መኪና ላይ ቢያርፍ በወሩ ይላጣል፤ ከዚያ ባለመኪናው እኔን ይልጠኛል።»

«ቀይ አለህ?»

«ነበረኝ። ሰሞኑን ታናሽየው የእናቱን የብረት አልጋ እቀባለሁ ብሎ ወሰደው።»

ከቀብር መልስ መርማሪዋ አራቱን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ እናቲቱን፣ ሚስቲቱን፣ ታናሽየውንና ቡሩሽን። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ልጅቷ ቡሩሽ ቤት ነበረች፤ ጓዟ ተሸክፏል።

«ቶሎ በይ ልጄ» አለች እናቲቱ። «መንገደኛ ነኝ።»

«ቶሎ እላለሁ እማማ። መጀመሪያ፣ ልጅዎ ራሱን አልገደለም። ሊሞት የተነሳ ሰው ጎማው ነገ እስኪደርቅ ብሎ ዙሪያውን በፕላስተር ሲይዝ አይውልም። ይሄ ሰው ነገን እየጠበቀ ነበር።»

ሚስቲቱ ግድግዳውን ያዘች።

«አልኩ እኮ፤ አደጋ ነው» አለ ታናሽየው።

መርማሪዋ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄዳ ክዳኑን ከፈተች። «የዚህች መኪና ሞተር እዚህ ነው፤ ከኋላ። የመጨረሻው ጎማ የተለጠፈው ፊት ላይ ነው። እስከ ማታ ቢያስነሳት ያንን አያሞቅለትም፤ ይህን እሱ ጠፍቶት አይደለም። ደግሞ ማድረቂያ በእጁ አለ። ሞተሩን ያስነሳው ሌላ ሰው ነው።»

ከዚያ የቀኙን ፊት የጠርዝ ጎማ በጥንቃቄ ሳበችው። እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሸለጠ። ሌላውን ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም።

«ሌላውን ሁሉ የለጠፈው ሟቹ ነው፤ አሙቆ። ይሄን የለጠፈው ሰው ግን ቸኩሏል፤ አላሞቀም። ለምን ቸኮለ? ኑ እዩ።»

በጎማው ሥር ቀለሙ ተጠርጎ ነጭ ስቱኮ አፍጥጧል፤ ዙሪያው ላሜራው ወደ ውስጥ ገባ ብሏል።

ቡሩሽ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሄ የኔ ቀለም ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ያንተ ነው። የመኪና ቀለም በአልኮል አይለቅም፤ ያልጠና የበር ቀለም ግን ይለቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ አናጢ ብስክሌቱን እየገፋ ሲሄድ ተገጭቶ ሞቷል፤ ብስክሌቱ ላይ ቀይ ቀለም ተገኝቷል፤ ገጪው አልቆመም። የገጨው ሰው ላሜራው ላይ የቀረውን ጉድጓድ በስቱኮ ደፍኖ ቀባው፤ ያም አላስተማመነውም፤ የሚሸፍን ጎማ ገዝቶ በስጦታ አመጣ። ያላወቀው አንድ ነገር ነው፤ ጎማ ከመለጠፉ በፊት ቦታው በአልኮል ይወለወላል። ሟቹ ሲወለውል ጉዱ እጁ ላይ ወጣ።»

ሁሉም ታናሽየውን አዩት።

«እማማ፣ አልጋዎን ቀባልዎት?»

«የቱን አልጋ?» አለች እናቲቱ። «የኔ አልጋ እንጨት ነው።»

«እኔ ትናንት እዚህ አልነበርኩም» አለ ታናሽየው። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኗል።

«ጎማው በስተጀርባው የሚያጣብቅ ነው፤ ማጣበቂያውን የሚሸፍነው ወረቀት የሚላጠው ሊለጠፍ ሲል ብቻ ነው። እዚህ ማጣበቂያው ላይ የጣት አሻራ ተቀርጿል። የወንድምህ ከሆነ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። እጅህን ስጠኝ።»

እጁን አልሰጣትም። ኪሱ ውስጥ ከተተውና ወደ እናቱ ዞረ።

«ፖሊስ ጋ እንሂድ አለኝ። አብሬህ እሄዳለሁ፣ አልተውህም አለኝ። እጄን ያዘኝ። አልሄድም ብዬ ገፋሁት፤ ሞርሳው መታው። ሞተ። እማ፣ ሞቶ ነበር። ደረቱ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ሰምቻለሁ። ራሱን የገደለ ይምሰል ብዬ ነው ሞተሩን...»

«አልሞተም ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሐኪሙ ጭሱን ደሙ ውስጥ አግኝቶታል። የሞተ ሰው ጭስ አይስብም። አንተ ጎማውን ስትለጥፍ ወንድምህ ከእግርህ ሥር ይተነፍስ ነበር።»

ታናሽየው ከእግሩ ሥር ያለውን ሲሚንቶ አየ። ፖሊሶቹ በሁለት ክንዱ ይዘው ሲያወጡት እግሩ እየተጎተተ ነበር።

እናቲቱ አልተከተለችውም፣ ስሙንም አልጠራችም። ቀስ ብላ ሲሚንቶው ላይ፣ ትልቁ ልጇ በወደቀበት በኩል ተቀመጠች። ቡሩሽ ሊያነሳት እጁን ቢዘረጋ አላየችውም። ኋላ ግን ምራቷን ቀና ብላ አየቻት።

«ሂጂ ልጅሽን አምጫት» አለች። «የኔን አስተዳደግ አየሽው።»

ሚስቲቱ ለመሄድ አንድ እርምጃ አነሳች። ሁለተኛውን አልቻለችም። ከአማቷ ጎን ዘፍ አለች፤ ከፍቅር አይደለም፤ ሁለቱም እዚያው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቁጭ እንዳሉ ልጅቷን ሊያመጣ የወጣው ቡሩሽ ሆነ።