ቀኙ መስመር ላይ ማንም አልነበረም

እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ሰው እኔን ማመን ካቆመ ቆይቷል።

ግን ሆኗል። ዓይኔ እያየ፣ እጄ እየዳሰሰ ሆኗል።

ሌሊት አልነበረም። ዝናብም፣ መብረቅም አልነበረም። ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የነሐሴ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት። ኦክላሆማ ውስጥ፣ ከዊሎው ቤንድ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የመኪና ውድድር ሜዳ። መቀመጫው ላይ ሰው ሞልቷል። ልጅ ይሯሯጣል፣ ቋሊማ ይጠበሳል።

እዚያ መሀል ነው የሆነው።

ቨርሎን ታኬት እባላለሁ። ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ይህን የምነግራችሁ እነሱ ቀድመው እንዳይነግሯችሁ ነው።

የአሮጌ ፒክአፕ ወዳጆች ማኅበር አለን። አለን ስል... አላቸው። እኔን ለመቀበል ስንት ዓመት አንገራግረዋል። የኔን ሃምሳ ሰባት ሞዴል "የዶሮ ቤት" ይሏታል፣ ቀለም ስላልቀባኋት። እነሱ ጋራዥ ከፍለው ያሠሩትን ሞተር፣ በገዛ እጃቸው የፈቱት አስመስለው ያወራሉ። እኔ ሳወራ ደግሞ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ኦዴል ፕሩዊት ግን እንደነሱ አልነበረም።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን የመኪናዬን ኮፈን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ ከተተ።

"ይሄን ካርቡራተር አንተ ነህ የገጠምከው?" አለኝ።

"ታዲያ ማን ይገጥምልኛል?"

"እጅህ ይባረክ! እኔ እኮ ይሄን ለማስተካከል ስንት እሁድ አቃጠልኩ መሰለህ!"

በቃ ይኸው ነው። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ የኦዴል ጓሮ ነው የምውለው። ግራጫዋን ሃምሳ አንድ ሞዴሉን አብረን ፈታን፣ አብረን ገጠምን። ካንዴላ እንጠርጋለን፣ ማርሚታ እንበይዳለን። ሚስቱ ናዲን የተጠበሰ ሥጋ በዳቦና በረዶ ያለው ሻይ ታመጣልንና፣ "እናንተ ሽማግሌዎች፣ ተጋቡና እኔ ልረፍ!" ብላ ትስቃለች።

ያለኝ ጓደኛ እሱ ብቻ ነበር። አንድ።

አሁን ስለ ውድድሩ ጥቂት ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

መስመሩ ሁለት ነው፣ ግራና ቀኝ። መሀል ላይ የመብራት ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው አናት ለየመስመሩ ሁለት ሁለት ትንንሽ አምፖሎች አሉ። የፊት ጎማህ ወደ መነሻው ተጠግቶ እዚያ የተዘረጋውን የብርሃን ጨረር ሲቆርጥ የመጀመሪያው ይበራል። ልኩ ላይ ስትደርስ ሁለተኛው ይበራል። ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ... ትለቃለህ። ቀድመህ ከለቀቅህ ቀይ ይበራብሃል።

እና አንድ ወግ አለን። የመጀመሪያዋን አምፖል ካበራህ ትቆማለህ። ባላጋራህም የሱን እስኪያበራ ትጠብቀዋለህ። ደንብ ውስጥ የተጻፈ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ብዙው ሰው አይጠብቅም። ኦዴል ግን ለሰደበው ሰው እንኳ ይጠብቃል። ቀድሞህ አብርቶ ለሚጠብቅህ ሰው ጀርባ መስጠት ደግሞ... ለኦዴል ከስድብ ይብስ ነበር።

ሌላው፣ ሁሉም ሰው ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት በነጭ የጫማ ቀለም መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ያው ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ይሞላና ከመስመሩ መጨረሻ ባለው ሰሌዳ ይበራል። ቀርፋፋው ቀድሞ ይለቀቃል። ፈጣኑ ቆይቶ ይለቀቅና... ያባርረዋል።

ያን ቅዳሜ ነገሩ ከጠዋት ጀምሮ ልክ አልነበረም።

አስፋልቱ ጎማ እንዲይዝ ሙጫ ይረጩበታል። ስትራመድበት ጫማህን ይጎትታል። ቀኙ መስመር ላይ፣ ሙጫው ላይ፣ የጎማ ዱካ አየሁ። ትኩስ ነው። ግን ቀጭን... በጣም ቀጭን። እንዲህ ያለ ጎማ የገጠመ መኪና ሜዳው ላይ አልነበረም። ዞሬ አይቻለሁ።

"ኦዴል፣ ይሄን እየው እስቲ።"

"የጋሪ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም።

ከምሳ በኋላ የማኅበሩ ሰብሳቢ ክሊት በቀኙ መስመር ሮጠ። "የዶሮ ቤት" የሚለውን ስም ያወጣልኝ ይኸው ሰውዬ ነው። ሮጠና አሸነፈ። ልብ በሉ፣ አሸንፏል። ግን ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ከማንም ጋር ሳይነጋገር መኪናውን ተጎታች ላይ መጫን ጀመረ።

አጋጣሚው አላለፈኝም። ጠጋ አልኩና፣ "ምነው ሰብሳቢ፣ ከዶሮ ቤቷ ጋር እንዳይደርስህ ፈራህ?" አልኩት።

መልሶ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ።

አልሰደበኝም። የፈራሁት ያኔ ነው።

"ቨርሎን..." አለኝ በሹክሹክታ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "እኛ ስንሮጥ... ከኋላችን የሚለቀቅ መኪና የለም አይደል?"

"የለም። ምነው?"

"ስፔኪዮዬ ውስጥ..."

አልጨረሰውም። ገመዱን በቅጡ ሳያስር ነድቶ ሄደ።

ክሊት ቀጥሎ የሚገጥመው ከኦዴል ጋር ነበር። ስለዚህ ኦዴል ብቻውን እንዲሮጥ ተወሰነ። ባላጋራ ሲጠፋ እንዲህ ነው፤ አረንጓዴ ሲበራ ትነሳለህ፣ ቀስ ብለህም ብትሄድ ወደ ቀጣዩ ዙር ታልፋለህ። የሌላው መስመር ባዶ ነው። አምፖሉም ሰሌዳውም ጨለማ ነው።

ናዲን አጥሩ ጋ ቆማ እጇን አውለበለበችለት። እኔ ከኋላው ቆሜ ጎማውን አቃናሁለት። "ትንሽ ወደ ግራ... በቃ... ሂድ!"

ኦዴል ወደ መነሻው ተጠጋ።

በራ።

የሱ አይደለም... የቀኙ።

ቀኙ መስመር ላይ ማንም የለም። ባዶ አስፋልት፣ ፀሐይ ብቻ። አምፖሏ ግን በርታለች።

ቀጥሎ ከመስመሩ መጨረሻ ያለው የቀኙ ሰሌዳ በራ። ሰባት ይላል። ሰባት ሰከንድ። ኦዴል መስታወቱ ላይ የጻፈው አሥር ነው። ከኛ አሮጌዎች መሀል ሰባት የሚሮጥ የለም።

ይህን ማን ሞላው?

ኦዴል አንገቱን ወደ ቀኝ አዞረ። ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው... ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ የራሱን የመጀመሪያ አምፖል አበራ።

ሮጥኩ። ጋቢናው ጋ ደርሼ መስኮቱ ውስጥ አንገቴን ከተትኩ።

"ኦዴል፣ ውጣ።"

"ቀስ በል... ይሰማሃል።"

"ማነው የሚሰማኝ? ማንም የለም እኮ!"

"እየጠበቀኝ ነው ቨርል። ቀድሞኝ አብርቶ ሲጠብቀኝ ነበር... ዝም ብሎ ማለፍ ነውር መሰለኝ።"

"ወደ ኋላ መልሳት! መልሳት በቃ!"

ያኔ ዓይኑን አየሁት። እጁ ማርሹ ላይ ነው፣ ይገፋል፣ ይጎትታል።

"እምቢ አለኝ" አለ። "የኋላ ማርሹ አይገባም። ማጥፊያውም... ነካሁት እኮ። አይጠፋም። አምፖሉን ካበራሁ ወዲህ... እባክህ ቨርል፣ አንድ ነገር አድርግ።"

በሩን ጎተትኩ። አይከፈትም። በሩን እኔ ነኝ ያስተካከልኩት፣ በትንሽ ጣት የሚከፈት በር ነው። በሁለት እጄ ጎተትኩ፣ በእግሬ ረገጥኩት።

ጋርላንድ ጋ ሮጥኩ። መብራቱን የሚለቀው እሱ ነው።

"አቁመው! ቀኙ በርቷል!"

"ፌንጣ ነው" አለ ቀና ሳይል። "ጨረሩ ላይ ፌንጣ ሲቀመጥ ይበራል።"

"ሰሌዳውስ? ሰሌዳውን ማን ሞላው?"

"ሙቀቱ ነው። ኮምፒውተሩ ከጠዋት ጀምሮ አብዷል። ከመስመሩ ላይ ውጣልኝ።"

"ጋርላንድ፣ እባክህ! መኪናዋ እየታዘዘችው አይደለም!"

"አንተ ሰውዬ አታርፍም? አምና ቀይ በርቶብህ አረንጓዴ ነው ብለህ ስንት ሰዓት ለፈለፍክብን። ዘንድሮ ደግሞ ፌንጣ ልትከስ ነው?"

አጥሩ ጋ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

አረንጓዴ ነበር። ዛሬም እላለሁ። አረንጓዴ ነበር።

እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ያን ቀን ለመንኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ሙጫው ላይ ተንበርክኬ፣ የጋርላንድን ሱሪ ይዤ ለመንኩ። "ክፉ ነገር ነው፣ አትልቀቀው፣ ክሊትን ደውለህ ጠይቀው" አልኩ። አንዱ ከኋላ፣ "ቨርሎን ዛሬስ ለየለት!" ብሎ ጮኸ። ሳቁ ባሰ።

የቀኙ ሁለተኛ አምፖል በራ።

ከዚያ የኦዴል መኪና፣ ኦዴል ፍሬን ረግጦ እያየሁት፣ ጎማዋ ተቆልፎ እየተንሸራተተች ወደፊት ሄደች። ልክ አንድ ስንዝር። የሱም ሁለተኛ አምፖል በራ።

ዘልዬ ፊቷ ልቆም ስል ሁለት ሰዎች ብብቴን ይዘው ጎተቱኝ።

ጋርላንድ ቁልፉን ተጫነ።

ቢጫ... ቢጫ... ቢጫ... አረንጓዴ።

ኦዴል ተለቀቀ።

የቀኙ መብራት ገና ነው። ፈጣኑ ቆይቶ ነው የሚለቀቀው። ቆምኩ፣ እጄን ሰዎች ይዘውታል፣ ትንፋሼን ይዤ ምሰሶውን አያለሁ። እንዳይበራ... አትብራ... አትብራ...

ቢጫ።

ቢጫ።

ቢጫ።

አረንጓዴ።

የሞተር ድምፅ አልነበረም። የሰማሁት የሙጫውን ድምፅ ነው። ጎማ ከሙጫ ላይ ሲላቀቅ የሚያሰማው ያ ድምፅ... ጭርርርርር... ከፊቴ ተነስቶ፣ ባዶው መስመር ላይ፣ እየፈጠነ ሄደ። ቆቤን ነፋስ ነጠቀኝ። ይዘውኝ የነበሩት ሰዎች እጄን ለቀቁኝ።

ሳቁ ቆመ።

ከዚያ የኦዴል ሞተር ተለወጠ። ያንን ሞተር እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ ድምፁን ከልጄ ድምፅ ይልቅ አውቀዋለሁ። እንዲያ መጮህ አይችልም። ሊችል አይገባም። ውድድር አልነበረም ያ። ሽሽት ነበር።

የሙጫው ድምፅ ደረሰበት።

ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ... ከዚያ ምንም።

ግራጫዋ የመጨረሻውን መስመር አልፋ፣ የፍሬን መብራት ሳታበራ፣ አቧራ ውስጥ ገባች።

"ፍሬን ለምን አይዝም?" ናዲን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። "ቨርል? ለምን አይዝም?"

ያቺን የዶሮ ቤት አስነሳሁ። ናዲን እየሮጠች ዘላ ገባች። እሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ እየጸለየች መሰለኝ። እኔ ቀኙን መስመር ላለማየት አንገቴን አደረቅሁ።

ግራጫዋ ሣሩ ላይ ቆማለች። ቀጥ ብላ፣ ሰው በጥንቃቄ እንዳቆማት። ጭረት የላትም። ሞተሯ በዝግታ ይሠራል... ጸጥ ብሎ፣ ልክ እሁድ እሁድ ጓሮ ውስጥ እንደሚሠራው።

"ኦዴል!" አልኩ።

ከዶሮ ቤቷ ወረድኩ።

በሩን በትንሽ ጣቴ ነካሁት። ተከፈተ።

ማንም የለም።

መቀመጫው ባዶ ነው። የሌላው ወገን በር ከውስጥ ተቆልፏል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። ሣሩ ላይ የሰው ዱካ የለም።

ግን ቀበቶው... ታስሮ ነበር።

የውድድር ቀበቶ ነው፣ በትከሻ በወገብ መጥቶ ደረት ላይ የሚቆለፍ። እንደተቆለፈ ነው። ደግሞ ባዶ ቀበቶ እንደሚሆነው አልረገበም። ተወጥሯል፣ ሰው የታሰረበት ያህል። ምንም ነገር ላይ፣ አየር ላይ ተወጥሯል።

እና ይንቀሳቀስ ነበር።

ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ... ብዙ እንደሮጠ ሰው ደረት።

ላዞራት ፈለግሁ። "ናዲን፣ አትዪ፣ ተመለሺ" ልላት ፈለግሁ። አልደረስኩም። በክርኗ ገፍታኝ አለፈች።

ወደ ውስጥ አየች።

እሪ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

ፊቷ ግን ፈታ አለ። የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ስንቆም ፈገግ እንደምንለው... ፈገግ አለች።

"የኔ ሆድ..." አለች ቀስ ብላ። "አለሁ፣ አለሁ... ምነው? ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታለቅሰው?"

ከአንገቷ ላይ ሻርፗን ፈታች። ጎንበስ ብላ፣ ከመቀመጫው በላይ ያለውን ባዶ አየር ጠረገች። አንዴ በዚህ ጎን... አንዴ በዚያ ጎን... በቀስታ።

ስትመልሰው ሻርፑ ርሷል።

ከጫፉ አንድ ጠብታ እጄ ላይ ወደቀች።

ትኩስ ነበረች።