ከጠረጴዛው ስር አንቱ የለም

«እኔ ሳልደርስ ማልቀስ የለም!»

ሬዲዮ ነው። ጆተኒ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ስልኩ ገባ፣ ቀጥሎ ክንዱ፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ። ሬዲዮ የተባለው አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ስለሌለ ነው። ጠባቧ ቤት ጢም ብላ ሞልታለች፤ ከትምህርት ቤት የወጣው ሁሉ ከነቦርሳው ገብቶ ግድግዳ ተደግፏል፣ ቦታ ያጣው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ሬዲዮ ስልኩን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ፊቱን አከፋና፣ «ጓደኞቼ፣ ልጅነታችን ዛሬ ይዘጋል» አለ። ወዲያው ቀረጻውን አቁሞ፣ «እንዴት ነው? እንባ ያንሰዋል?» ብሎ ጠየቀ።

ያነሰውስ ይሉኝታ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሐዘንተኛ ውስጥ ባለፉት ወራት አንድ ቀን እንኳ እዚህ ብቅ ያለ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ትልልቅ ስክሪንና የሚሽከረከር ወንበር ያለው ጌም ቤት ተከፈተ፤ ጆተኒ የፋራ ጨዋታ ሆነ፤ ሁሉም ተንጋግቶ ተሻገረ። አሁን ቤቱ ለስልክ ሽፋን ነጋዴ ተከራየ፣ ጠረጴዛውም ዛሬውኑ ይወጣል ሲባል ግን፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ወይኔ የእኛ ቤት!» እያለ መጣ።

ግንቡም ከእነሱ የተሻለች አልነበረችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ግንቡ የተባለችው በጆተኒ ላይ ተከላካዮቿን አልፎ ጎል የሚገባ ኳስ ስለማይገኝ ሲሆን፣ ስሙን ያወጡላት የቤቱ ባለቤት ናቸው። እሷም ተሻግራለች። ወደ ጌም ቤቱ በሄደች ቁጥር ከበራቸው ላይ ሆነው እንዳያዩዋት ፊቷን አዙራ ነበር መንገዱን የምታቋርጠው። ዛሬ ስትገባ ግን «መጣሽ ልጄ» ብቻ ነው ያሏት፤ ትናንት እንደተለያዩ ዓይነት። ከስድብ ይልቅ ይህ ነው አንጀቷን የበላት።

ባለቤቱን በሌሉበት «ዳኛው» ይሏቸዋል፣ ፊት ለፊት «ጋሼ»። ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ረጅሙ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ኳስ የሚጥሉት እሳቸው፣ አሻንጉሊቶቹ የተሰኩበትን ብረት በዘፈቀደ ያሽከረከረውን የሚቀጡት እሳቸው፣ ጠብ ሲነሳ ቃላቸው የመጨረሻ ነው። ራሳቸው ሲጫወቱ ግን ማንም አይቷቸው አያውቅም። ለምን ቢባሉ ቀኝ እጃቸውን ያነሳሉ። «ይኼ አንጓዬ ባይሰበር ኖሮ! በወጣትነቴ እኔ ላይ ጎል ያገባ ሰው የለም። እናንተንማ በግራ እጄም እጠርጋችኋለሁ!» ይህንን ሳይሰማ ያደገ የሰፈሩ ልጅ አልነበረም።

የዛሬው ነገር የተነሳውም ከዚሁ ነው። ሬዲዮ ቀረጻውን እንደገና ከፈተና ስልኩን ወደ በርጩማው አዞረ።

«ጋሼ፣ የተሰበረው ቀኙ ነው አይደል?»

«አዎ፤ ቀኙ ነው» አሉ፣ አንጓቸውን እያሻሹ።

«ግራው ደህና ነው ማለት ነዋ! በግራ እጠርጋችኋለሁ ሲሉን ነው ያደግነው። ታዲያ ዛሬ ካልጠረጉን መቼ ሊጠርጉን ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «ይጫወቱ! ይጫወቱ!» ማለት ተጀመረ። ዳኛው ሳቅ አሉ፣ ፊሽካቸውን ነካ ነካ አደረጉ፣ «እስቲ ተዉኝ፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው» አሉ። ይህንን ባይሉ ይሻላቸው ነበር። «ለዚያ እኮ ነው!» አለ ሬዲዮ፣ ጭብጨባውም ባሰ። ዳኛው አንድ በአንድ አዩዋቸውና ዓይናቸው ግንቡ ላይ ቆመ።

«እሺ። ግን ከግንቡ ጋር ነው። ሌላውን አልነካም።»

ሁሉም ጀግና ጀግናን መረጠ ብሎ አጨበጨበ። ግንቡ ጎንበስ ብላ ኳሶቹን ከሳጥኑ ስታወጣ እሳቸውም አጠገቧ ጎንበስ አሉ፤ ጆሮዋ ስር እስትንፋሳቸው ተሰማት።

«ልጄ፣ ዛሬ እጅሽ ትንሽ ይድከምልኝ።»

ገባት። «እሺ ጋሼ» አለች፣ ልቧም ቀለል አላት። ፊቷን እያዞረች መንገድ የተሻገረችበትን ሁሉ የምትክስበት መንገድ አገኘች። እሳቸው ያሸንፋሉ፣ ሬዲዮ አፉን ይይዛል፣ በዚያው ስማቸው እንደተከበረ በራቸውን ይዘጋሉ። ሽንፈት ምን ይከብዳል? ሰባት ኳስ ማሳለፍ ነው፤ ታሳልፋለች።

የመጀመሪያዋን ኳስ ለአጥቂዎቻቸው አመቻችታ ሰጠቻቸው፤ ተከላካዮቿንም ወደ ጥግ ሰበሰበች። ዳኛው በሙሉ ኃይላቸው መቱ። ኳሷ ከሳንቃው ነጥራ፣ ሜዳውን ሁሉ አቋርጣ በራሳቸው ጎል ገባች። አንድ ለባዶ። ሁለተኛዋ ላይ ግንቡ ፀጉሯን የምታስተካክል መስላ በረኛውን ለቀቀችው። ኳሷ ባዶ ጎል ፊት ቆማ ነበር። የዳኛው አጥቂ ዞረ፣ ሳታት፣ ተመልሶ ዞረ፣ ደግሞ ሳታት፤ በሦስተኛው ነካትና ወደ ራሳቸው ጎል ተንከባለለች። ሦስተኛዋም ያው ሆነች።

ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠላት። የአንጓ ጉዳይ አልነበረም፤ የቀኝ የግራም አልነበረም። ብረቱን የያዙት ሕፃን ልጅ ማንኪያ እንደሚይዘው ነበር። እኚህ ሰው ጆተኒ ተጫውተው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላው ሲጫወት እያዩ ኖሩ፤ አንድም ቀን እጃቸውን አልሞከሩትም። ምናልባት ማየት ከበቃ መጫወት ምን ይከብዳል ብለው አስበው ይሆናል።

ልትሸነፍ ታገለች። ላብ በላብ ሆነች። ኳሷን በጥንቃቄ ወደ እግራቸው አቀበለች፤ እሳቸው ወደ ራሳቸው ጎል መለሷት። ሁለቱንም እጆቿን አንስታ ቆመች፤ እሳቸው ቋሚውን መቱ። አምስት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፤ አብዛኛውን ያገቡት በራሳቸው ላይ ነበር። ሳቁ መጀመሪያ አፍ ተይዞ ነበር፤ አሁን ግን ሆዱን ይዞ ግድግዳ የሚደበድበው በዛ።

«ቆይ ቆይ ቆይ!» አለ ሬዲዮ። «ግንቡ፣ እጅሽን ለምንድን ነው የምታነሺው? እያዘንሽላቸው ነው እንዴ?»

ሁሉም የጠረጠረውን እሱ ተናገረው። የዳኛው ጆሮ ቲማቲም መሰለ። ግንቡ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት።

«ኧረ ዝም በል አንተ!» አለችው።

«እኔማ ዝም እላለሁ፤ ሕጉ ግን ዝም አይልም!» ሬዲዮ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ባዶ የወጣ ምን ያደርጋል?»

«ይሾልካል!» አለ ቤቱ ባንድ አፍ።

የቤቱ ሕግ ነው። አንድም ጎል ሳያገባ የተሸነፈ በጠረጴዛው ስር በእንብርክኩ ይሾልካል፤ ትንሽ ትልቅ አይል። ያወጡት ዳኛው ናቸው፤ ለማንም ምረውበት አያውቁም። እያለቀሰ የሾለከ ትንሽ ልጅ አለ፤ አዲስ ልብስ ለብሶ የሾለከ ሙሽራ አለ።

አንድ ኳስ ቀርቷል። ግንቡ ከአጥቂዎቿ ስር አቆመቻት። ወደ ኋላ ስባ በራሷ ጎል ብትከታት ዳኛው ባዶ አይወጡም፣ አይሾልኩም። ግን ሁሉም ያያል፤ ስልኩም ያያል። ነገ ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ልጅቷ አዝናላቸው» እያለ ሙድ ይይዝባቸዋል። ቀና ስትል ዳኛው እያዩዋት ነው። ቅድም ጆሮዋ ስር የነበረው ልመና ከፊታቸው ጠፍቷል።

«ምቺ» አሉ ዝግ ብለው።

«ጋሼ…»

«ምቺ አልኩ። በደንብ አድርገሽ።»

መታች። ኳሷ ጎሉ ውስጥ ጧ ብላ ስትገባ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ድረስ ነዘራት።

ዳኛው ጃኬታቸውን አወለቁ። የሚቀበላቸው አልነበረም፤ ሁሉም እጅ ስልክ ይዟል። አጥፈው በርጩማው ላይ አስቀመጡትና ተንበረከኩ። ጠረጴዛው ለልጅ ነው እንጂ ለእሳቸው ቁመት አልተሠራም። ጭንቅላታቸው ገባ፣ ትከሻቸው ገባ፣ ከዚያ ወገባቸው ላይ ተያዙ። ፊሽካው ሲሚንቶው ላይ እየተጎተተ ይንቋቋል። ሬዲዮ በሆዱ ተኝቶ ስልኩን ከፊታቸው ደቀነ።

«ጋሼ፣ ወደዚህ ይመልከቱ! አንዴ ብቻ!»

ወደ ኋላ ተመለሱ፣ በጎናቸው ዘንበል አሉ፣ እያቃሰቱ እንደገና ገፉ። አንዱ ልጅ ከመስኮት ሆኖ «ግፉ! ግፉ!» አለ፣ የሳቀው ሁሉ እንባው ፈሰሰ። ለሐዘኑ ያልመጣው እንባ ለዚህ መጣ። በመጨረሻ በግንቡ በኩል ወጡ። ፀጉራቸው ላይ የሸረሪት ድር፣ ጉልበታቸው ላይ አቧራ። አልተነሱም። እግሯ ስር ተንበርክከው ጠበቁ፤ አሸናፊው ትከሻ መታ አድርጎ «ተመርቀሃል» ሳይል የሾለከ ሰው አይነሳም።

ግንቡ እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች። አቧራውን በቀስታ አራገፈችላቸው።

«ተመርቀዋል» አለች።

«አይቆጠርም!» ሬዲዮ ከመሬት ተፈናጥሮ ተነሳ። «አይቆጠርም! የስፖርት መምህሩን ረሳችሁት?»

ማን ይረሳል? የስፖርት መምህሩ አንድ ቀን ባዶ ወጥተው ሾለኩ። ያሸነፋቸው ልጅ ደንግጦ «ተመርቀዋል» ቢላቸው ዳኛው ፊሽካቸውን ነፉ፤ «ከጠረጴዛው ስር አንቱ የለም! ይመለሱ!» ብለው መምህሩን ድጋሚ አሾለኩ። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ስቋል። ግንቡም ሆዷን እስኪያማት ስቃ ነበር።

ሬዲዮ ሁለት ጣቶቹን አፉ ከቶ አፏጨ። «አንቱ የለም! ይመለሱ!»

«ይመለሱ! ይመለሱ!»

ግንቡ ዳኛውን አየች። ፊሽካው አንገታቸው ላይ ነው። ይንፉት፣ «ይብቃ፣ ዛሬ እንኳ ሕጉ ይቅር» ይበሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ልክ ነው» አሉ። «አይቆጠርም።»

እና በጉልበታቸው ዞሩ። መዳፋቸውን መሬት አስደገፉ፤ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሊመለሱ ነው። ስልኮቹም ተከትለው ዝቅ አሉ። ግንቡ ሁለት እጆቿን ልካ ትከሻቸውን ጨመደደች። በሕይወቷ አንድም ትልቅ ሰው አንተ ብላ አታውቅም። አባቷን እንኳ አንቱ ነው የምትለው።

«ተመርቀሃል» አለች።

ቤቱ ጣሪያው እስኪነሳ ጮኸ። ሬዲዮ እየዘለለ «ያዝኩት! ያዝኩት! አንተ ስትላቸው ያዝኩት!» ይላል። ዳኛው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ተነሱ። ማንንም አላዩም። ጃኬታቸውን አንስተው ለበሱ፤ አንዱን እጅጌ ለማግኘት ጥቂት ተቸገሩ።

«ነይ እንጂ!» ሬዲዮ የግንቡን ክንድ ሳበ። «ማዶ ሄደን በትልቁ ስክሪን እንየው። በዚያኛውማ የጉድ ነው የሚታየው!» ሐዘንተኛው ሁሉ እየተጋፋ ወጣ፤ መንገዱንም ከቅድሙ በበለጠ ፍጥነት ተሻገረ። ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛውና ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

ጠረጴዛውን ሊወስድ ውጭ የቆመው የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «አባት፣ ቶሎ ይበሉ፤ ሌላ ጭነት አለብኝ!» አለ። ዳኛው በጠረጴዛው አንድ ጫፍ ቆመው እግሩን ያዙ። ብቻቸውን የሚያነሱት አልነበረም። ግንቡ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደች።

«እርስዎ ይሂዱ» አሏት።

የተሳሳተች መሰላት። ልጄ ነው የሚሏት፤ አንቺ ነው የሚሏት። እየቀለዱ እንደሆነ ለማየት ፊታቸውን ፈለገች፤ እየቀለዱ አልነበረም። እንደማያውቋት የሰው ልጅ፣ በጨዋ ደንብ ነበር የሚያናግሯት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…» አለች።

«ጓደኞችዎ እየጠበቁዎት ነው። ይከብድዎታል፤ ይተዉት።»

ከማዶ ሬዲዮ ስሟን እየጠራ ነው፤ ቪዲዮው ሊጀመር ነው፣ ቦታ ይዞላታል። ግንቡ ጉልበቷን አጠፈችና የጠረጴዛውን እግር በሁለት እጇ ያዘች።

«ይተዉት ብያለሁ» አሏት።

አልተወችውም።